ዓምድ የሌለው አውራ ጎዳና

ተነጋጋሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ሰቆጣ ላይ ብዙ ዘመን ታሪክ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለተኛው ከሰሃላ መጥቶ ከወጣቶች ማኅበር ጋር ኮብልስቶን የሚጠርብና የሚያነጥፍ የእህታቸው ልጅ ነው። ሦስተኛዋ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ተሳልመው የተመለሱት የመምህሩ ታላቅ እህት እቴቴ ናቸው፤ እሳቸው የሚገቡት ወደ መጨረሻው ግድም ነው። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠራቢ፦ አጎቴ፣ አለቃችን ዛሬም ያነጠፍነውን አስነቅሎ እንደ አዲስ አስነጠፈን። ሥሩ በደንብ አልተጠቀጠቀም፣ ክረምት ሲገባ ይሰምጣል አለ። ሮማውያን የሠሩት ግን ሁለት ሺህ ዓመት ቆሟል ይላሉ። ምን ዓይነት ሥር ቢያበጁለት ነው?

መምህር፦ ሳይነካ ቆመ ያለህ ማን ነው? የእነሱም ይሰምጥ ነበር። ኢጣሊያ ውስጥ፣ ኔፕልስ አጠገብ፣ ፖምፔ የምትባል ከተማ ነበረች። በ79 ቬሱቪየስ ፈንድቶ በአመድ ስለቀበራት መንገዷ በዚያን ቀን እንደነበረ ተገኘ። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ እናንተ ከምትጠርቡት የማይተናነስ ጠንካራ። ግን የጋሪ ጎማ አርሶታል። ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ቦዮች፣ ግራና ቀኝ፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ።

ጠራቢ፦ ያን ያህል እስኪበላ ዝም ብለው ያዩት ነበር ማለት ነው?

መምህር፦ ዝም አላሉም። አንዳንዱን መንገድ ነቅለው በአዲስ ድንጋይ አንጥፈውታል። መንቀሉ ደግሞ ከባድ ነው፤ ገበያ ይዘጋል፣ ገንዘብ ይፈጃል፣ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አመጡ። አሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶች በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ በድንጋዮቹ መካከልና በተቦረቦረው ቦታ ላይ የብረት ጠብታና ፍሳሽ በብዛት አግኝተዋል። ብረት አቅልጠው ስንጥቁ ውስጥ አፍስሰው ኖሯል። አንዳንዱ ጠብታ ሳይታሰብ የወደቀ ነው፤ ሲሸከሙት ጠብ ያለ።

ጠራቢ፦ ብረት አቅልጠው? እኛ እንዲህ ብናደርግ የማዘጋጃ ቤቱ ሒሳብ ሹም በማግስቱ ይከሰን ነበር። ሥሩስ? ሥልጠና ላይ የሮማ መንገድ አራት ንብርብር አለው ብለው ሥዕል አሳይተውናል።

መምህር፦ ያ ሥዕል የሌለበት መጽሐፍ የለም። ነገር ግን ቪትሩቪየስ የሚባለው የሕንጻ ሊቅ ስለ ቤት ወለል የጻፈውን ነው የኋላ ሰዎች ወስደው ለመንገድ ያደረጉት። ተቆፍሮ የታየው መንገድ እንደየአገሩ ነው። አንዱ ጋ ጠጠርና አሸዋ፣ አንዱ ጋ በቀጥታ አለት ላይ፣ አንዱ ጋ አሮጌው መንገድ ላይ አዲሱ። የተገኘውን ነው የተጠቀሙት፤ እናንተ ገረጋንቲ ባገኛችሁበት ገረጋንቲ እንደምትደለድሉት።

ጠራቢ፦ ቦዩ ለምን እንዲህ እንደጠለቀ ግን አልገባኝም። ውኃስ የት ይሄዳል? ዲች አልነበራቸውም?

መምህር፦ ይኼ የባለሙያ ጥያቄ ነው። በፖምፔ አብዛኛው ቦታ ከመሬት በታች የሚሄድ የፍሳሽ ቦይ የለም፤ ዝናቡም የምንጩ ትርፍ ውኃም መንገዱ ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ የእግረኛውን መሄጃ ከፍ አደረጉት፤ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ለመሻገር ደግሞ መንገዱ መካከል ትላልቅ ድንጋዮች በርቀት በርቀት ተከሉ። ሰው በድንጋዩ ላይ ይሻገራል፣ የጋሪው ጎማ በድንጋዮቹ መካከል ያልፋል። ከዚህ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ወጣ። የከርብስቶኑ ጥግና የመሻገሪያው ድንጋይ የተፋቀው በየትኛው ጎን እንደሆነ አርኪዮሎጂስቶች አንድ በአንድ መዝግበው፣ ጋሪዎቹ ቀኝ ይዘው ይሄዱ እንደነበር፣ አንዳንዱም መንገድ ባለ አንድ አቅጣጫ እንደነበር ደረሱበት። የትራፊክ ሕጋቸውን ያነበቡት ከተፋቀ ድንጋይ ነው።

ጠራቢ፦ አሁን ገና ወደድኳቸው። እኛ ዓምዳቸውን ብቻ ነው በፎቶ የምናየው።

መምህር፦ ዓምዱም የራሱ ታሪክ አለው። ሮማውያን አዲስ ከተማ ሲቆረቁሩ ሁለት ዋና ጎዳና ይሰመርለታል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው ካርዶ ይባላል፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ዴኩማኑስ። ሌላው መንገድ ሁሉ ከእነዚህ ጋር እየተቋረጠ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይዘረጋል። ይኼ በደንብ የሚታየው አልጄሪያ ውስጥ ቲምጋድ ላይ ነው። ንጉሡ ትራያን በ100 ገደማ ለጡረተኛ ወታደሮች የቆረቆራት ናት። በምሥራቅ ግን ዓምዱ ይበዛል። ሶርያ ውስጥ የአፓሚያ አውራ ጎዳና ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ግራና ቀኙ በሙሉ ዓምድ፣ ከዓምዱ ጀርባ ሱቅ። በ115 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ካፈራረሰ በኋላ ነው እንደዚያ አድርገው እንደገና የሠሩት። ፓልሚራም እንዲሁ ናት፤ የእሷን ታላቅ ቅስት በ2015 አይሲስ በፈንጂ አፈረሰው። ዮርዳኖስ ውስጥ ጀራሽ ደግሞ ዛሬ ብትሄድ ድንጋዩ በሰያፍ እንደተነጠፈ ታየዋለህ።

ጠራቢ፦ በሰያፍ ማንጠፍ ልክ ነው። መጋጠሚያው ከጎማው ጋር አንድ አቅጣጫ ከሄደ ጎማው ስንጥቁን ተከትሎ ይገባል፣ ድንጋዩም ከዳሩ ይሸረፋል። በሰያፍ ከሆነ ግን ክብደቱ ይከፋፈላል።

መምህር፦ በለው! እኔ መጽሐፍ አገላብጬ የደረስኩበትን አንተ በመዶሻ አወቅኸው። እንዲያም ሆኖ ጀራሽም ላይ ጎማው ቦይ አውጥቶበታል። ከሥሩ የፍሳሽ መውረጃ አለ፣ መክፈቻው ክብ ድንጋይ አሁንም በየቦታው ይታያል። ኤፌሶን ላይ ደግሞ ከወደቡ ወደ ቴአትሩ የሚወስደው ጎዳና በሌሊት መብራት ይበራበት ነበር፤ ሃምሳ መብራት የሚል ጽሑፍ ተገኝቷል።

ጠራቢ፦ የመንገድ መብራት! እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም። ይኼን ሁሉ ግን የሚከፍለው ማን ነበር? መንግሥት?

መምህር፦ ድብልቅ ነው። ሀብታሙ ስሙ እንዲጻፍለት ዓምድ ያቆማል፣ ከተማው ያግዛል፣ ንጉሡም ይጨምራል። ጥገናው ግን ባለቤቱ ላይ ነው። ደቡብ ኢጣሊያ ውስጥ የተገኘ የነሐስ ሰሌዳ አለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የመጀመሪያው መቶ ዓመት። ሕጉ፣ እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ፊት ያለውን መንገድ ራሱ ይጠብቅ፣ ውኃ እንዲቆምበት አያድርግ ይላል። እምቢ ካለ ሹሙ ሥራውን ለሌላ ይሰጥና ዋጋውን ከባለቤቱ ያስከፍላል። እዚያው ሕግ ላይ፣ ሮም ከተማ ውስጥ የጭነት ጋሪ በቀን እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ለሕንጻና ለመሳሰለው የተፈቀደ ሲቀር።

ጠራቢ፦ ይኼማ የእኛው የሰፈር መዋጮ ነው። በር ለበር እየዞሩ የሚሰበስቡት። እምቢ ያለ እንዳለ ግን ደጁ ብቻ ሳይነጠፍ ይቀራል። እሺ፣ ልጠይቅዎት። ይኼ ሁሉ ሲሆን እኛ የት ነበርን? አክሱም ከሮም ጋር ትነግድ ነበር፣ ሳንቲም ታትም ነበር ብለው አስተምረውናል። ታዲያ ባለ ዓምድ ጎዳናዋ የታለ?

መምህር፦ ይኼን የጠየቅኸው የመጀመሪያ ሰው አይደለህም። ጀምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር፤ ታውቀዋለህ፣ ጎንደር የመጣው። እዚህ ከመምጣቱ በፊት ግን አልጄርስ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር፣ በ1765 ቲምጋድን አይቶ ሥዕሏን ነድፏል። ቀጥሎ ፓልሚራን አየ። እነዚያን ሁሉ ዓምዶች ዓይኑ ውስጥ ይዞ በ1770 መጀመሪያ አክሱም ደረሰ። ምን አየሁ እንዳለ ታውቃለህ? በመንገዱ ዳር በእኩል ርቀት የተደረደሩ 133 የሐውልት መቆሚያዎች፣ በላያቸውም የውሻ ምስል ቆሞ የነበረበት ምልክት። የግብፆች የውሻ ኮከብ አምልኮ ነው ብሎ ደመደመ።

ጠራቢ፦ ውሻ? አክሱም ላይ?

መምህር፦ ከእሱ በኋላ ማንም ያንን ረድፍ አላገኘውም። በ1906 ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን ጉዞ ሲመጣ፣ ዳንኤል ክሬንከር የተባለው አርክቴክት አክሱምን ሜትር በሜትር ለካት። በመንገዱ ዳር ያገኘው የዙፋን መቀመጫ ነው። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ሰፊ መደብ ነው፤ ላዩ ላይ ለወንበሩ እግር፣ ለመደገፊያው ሰሌዳና በአራት ማዕዘን ለሚቆሙ ዓምዶች የተበጀ ሶኬት አለው። አንዳንዱ ጽዮን ማርያም ቅጥር አጠገብ በተርታ ተደርድሯል፣ ሌላው ከተማዋን በምሥራቅ በኩል በሚያስገባው መንገድ ዳር። ብሩስ ዐዋቂ ሰው ነበር፤ ግን የሮማን ጎዳና ፍለጋ ዓይኑ ውስጥ ስለነበር የአክሱምን አላየም። አንተም ዓምድ የፈለግኸው እንደ እሱ ነው።

ጠራቢ፦ ዙፋኑ ላይ ማን ይቀመጥበታል? መንገድ ዳር?

መምህር፦ ሰው የሚቀመጥበት ይሁን ሐውልት የሚቆምበት ሊቃውንቱ ተከራክረውበታል። የምናውቀው ግን የአክሱም ነገሥታት ድል ሲያደርጉ ዙፋን ያቆሙ እንደነበር ነው፤ ዒዛና በጽሑፎቹ ውስጥ ዙፋን መትከሉን ይናገራል። ወደ ከተማው የሚገባ ነጋዴ፣ መልእክተኛ፣ ምርኮኛ፣ ሁሉም በእነዚያ መካከል ማለፍ አለበት። የሮማ ጎዳና ሱቁንና የሀብታሞቹን ስም ያሳያል፤ የአክሱም መንገድ ማን አሸነፈን ያሳያል። ስለዚህ አውራ ጎዳና አልነበረንም አትበለኝ። ነበረን፣ የተሠራው ግን ለሌላ ነገር ነው።

ጠራቢ፦ የመንገዱ ሌላ ጫፍስ የት ነው?

መምህር፦ አዱሊስ፣ ቀይ ባሕር ላይ። በአንደኛው መቶ ዓመት አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ በጻፈው የባሕር ጉዞ መምሪያ ላይ ከአዱሊስ እስከ ኮሎኤ ከተማ ሦስት ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም አምስት ቀን ይላል። በእግርና በአጋሰስ ስምንት ቀን መሆኑ ነው። አሁን ስማኝ፤ ይኼ አንተንም ይነካሃል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበር፣ የአክሱም ንጉሥ ካሌብ ከባሕር ማዶ ወዳለው ወደ ሂምያር ሊዘምት ሲሰናዳ። ከተማዋ ምዕራብ በኩል፣ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጽሑፍ ያለበት ነጭ የዕብነ በረድ ዙፋን ቆሞ ነበር፤ ከጀርባው ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ያለበት ሐውልት። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ ይላክልኝ ብሎ የአዱሊስን ሹም አዘዘ፣ ሹሙም ኮስማስንና ሜናስ የሚባል ሌላ ነጋዴን አስገለበጠ። ኮስማስ ለራሱም ቅጂ ስላስቀረ ነው ዛሬ የምናነበው፤ ድንጋዩ ራሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እዚያ ዙፋን ፊት ሞት የተፈረደባቸው ይገደሉ እንደነበርም ጽፏል።

ጠራቢ፦ እኔን የሚነካኝ የቱ ላይ ነው?

መምህር፦ የዙፋኑ ጽሑፍ ስሙ የጠፋ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድል ዝርዝር ነው፤ ብዙዎቹ በሦስተኛው መቶ ዓመት ያደርጉታል። አታጋው የሚል ሕዝብ ይጠራል፤ አገው ነው የሚሉት ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ቀጥሎ አባይን ተሻግሬ የሰሜንን ሰዎች ወጋሁ ይላል። አባይ ያለው ተከዜን እንደሆነ ይታመናል፣ ተከዜ ዞሮ ዞሮ አትባራ ሆኖ አባይ ውስጥ ይገባልና። ሰሜን ያለው ደግሞ ሰሃላ ላይ ቆመህ ከማዶ የምታየው ያ ተራራ ነው። መውጫ የሌለው ገደል፣ ብርድ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ ያለበት ይለዋል።

ጠራቢ፦ እስከ ጉልበት እንኳ አጋንኗል። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ግን አለ። አባቴ ፍየል ሲጠብቅ፣ ቆላው እያቃጠለን ማዶው ይበርዳል ይል ነበር። አሁን ፍየሉም አልቋል፣ የ2015 እና የ2016 ዓ.ም. ድርቅ ከብቱን ጨርሶት አይደል ወደዚህ ያመጣኝ።

መምህር፦ አውቃለሁ ልጄ። የሰሃላን ስም ብዙ ሰው በሬዲዮ የሰማው በዚያ ድርቅ ነው። ግን እዚያው ጽሑፍ ላይ አንድ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ፣ እኔ ከሁሉም እሱን እወደዋለሁ። ንጉሡ እስከ ግብፅ ወሰን ያሉትን ሰዎች አስገብሮ፣ ከግዛቱ እስከ ግብፅ በየብስ የሚያስኬድ መንገድ እንዲከፈት አደረግሁ ይላል። ከጦርነቱ ሁሉ መሐል መንገድ ከፈትሁ ብሎ ይኮራል።

ጠራቢ፦ ያ መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበት ነበር?

መምህር፦ አልነበረም፣ ሊሆንም አይገባም። አያትህ ሲራራ ነጋዴ አልነበሩም? ከአርሆ የመጣ አሞሌ ሰቆጣ ገበያ ላይ ገዝተው ወደ ላስታ ያወርዱ ነበር።

ጠራቢ፦ ነበሩ። በአህያና በበቅሎ። ንጣፍ ድንጋይ ለአህያ ኮቴ አይመችም ይሉ ነበር፣ በተለይ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል። ጭነት ያለባት አህያ አንዴ ከወደቀች ደግሞ አሞሌው ይሰበራል፤ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ግማሽ ነው።

መምህር፦ አበቃ፤ መልሱ እሱ ነው። ንጣፍ የጎማ ልጅ ነው። የእኛ ደጋ ጎማ አልተቀበለም፤ ገደሉ፣ ወንዙ፣ መውጣት መውረዱ። የተጫነ ከብት የሚሄድበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው፦ ውኃ፣ ግጦሽ፣ ማደሪያ፣ ኬላ፣ የሚያስፈራ ሽፍታ አለመኖር። ኮስማስ ራሱ ጽፎታል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ፣ በአገው ሹም በኩል፣ ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ ነጋዴ ይልካል፤ ከ500 በላይ ሰው አብሮ ይሄዳል። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው፣ በእሾህ አጥር ሠርተው፣ በሬ አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን አጥሩ ላይ ያኖራሉ። አገሬው ወርቁን አጠገቡ ያስቀምጥና ዞር ይላል። ባለ ዕቃው ከበቃው ወርቁን ያነሣል፣ ካልበቃው ይተወዋል። ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም፣ ግን ይገበያያሉ። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ነው። ይኼን ሁሉ የሚያስኬደው የአገው ሹም ነው እንግዲህ፤ መንገዱን ማን ያውቀዋል ስትል።

ጠራቢ፦ ታዲያ አርኪዮሎጂስት ከዚህ መንገድ ምን ያገኛል? ሮማ ላይ ቦዩን ይለካል። እኛ ጋ አህያ ያለፈበትን አቧራ ይለካ?

መምህር፦ መንገዱ ባይገኝም ማደሪያው ይገኛል። ከየሓ ብዙ የማይርቅ ቤተ ሰማዕቲ የሚባል ቦታ አለ፣ ማይክል ሃሮወር የሚመሩት ቡድን ቆፍሮት በ2019 ይፋ ያደረገው። ከተማዋ ከቀይ ባሕር ወደ አክሱም በሚመጣው መስመር ላይ ነበረች። ባዚሊካ ቤተ ክርስቲያን አገኙ፣ ከሮማው ዓለም ጥበብ ጋር የሚመሳሰል የወርቅ ቀለበት አገኙ። መጠራም ላይ፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ከ1959 ጀምሮ ሲቆፍር ትላልቅ ቤቶችና በመካከላቸው የሚያልፉ ጠባብ መተላለፊያዎች ወጡ። ቀጥ ያለ ጎዳና የለም። ቤቱ ይሠራል፣ የተረፈው መንገድ ይሆናል። እንደ ዳማ ሰሌዳ የተሰመረ ነገር ከፈለግህ አታገኝም።

ጠራቢ፦ እንግዲህ ማን በለጠ ሊባል ነው?

መምህር፦ እኔ ማወዳደር አልወድም፤ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በስድብ ወይም በሽንገላ ነው። ግን ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል፤ በግድ። በ1937 ሙሶሊኒ ከአክሱም 24 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ሐውልት አስወስዶ ሮም ፖርታ ካፔና ላይ አቆመው። ፖርታ ካፔና ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የአፒያ መንገድ መነሻ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 የተጀመረው፣ ሮማውያን የመንገዶች ንግሥት የሚሉት። አክሱም ላይ የተተከለ ድንጋይ በሮማ አውራ መንገድ አፍ ላይ ቆመ። ነገሩን ያሰበበት ሰው የድል ዙፋን ምን እንደሆነ ሳያውቅ አልቀረም።

ጠራቢ፦ አበበ ቢቂላ ሮጦበታል የሚሉት እሱን ነው?

መምህር፦ እሱኑ። በ1960 ሮም ኦሊምፒክ ማራቶኑ በማታ ነበር፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው በመንገዱ ዳር ቆመዋል። የሩጫው መስመር በአፒያ መንገድ ይመለሳል። አበበ ባዶ እግሩን ነው። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን መጥተው፣ አበበ የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን።

ጠራቢ፦ ያ ድንጋይ በባዶ እግር! እኔ የማነጥፈው ኮብልስቶን ላይ በጫማም ቁርጭምጭሚት ይዞራል።

መምህር፦ ሐውልቱ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ በቦታው ቆመ። የአፒያ ድንጋይ ግን እዚያው ነው። ... እቴቴ፣ ይምጡ እስቲ! ይኼ ልጅ ስለ ሮማ ጎዳና ይጠይቀኛል፤ እርስዎ ረግጠውት መጥተዋል።

እቴቴ፦ እኔ ሮማ መች ሄድኩ? እኔ የሄድኩት ኢየሩሳሌም ነው፣ የጌታዬን መቃብር ልስም።

መምህር፦ ወደ ገዳማችን ወደ ዴር ሡልጣን በየት በኩል ነው የገባችሁት?

እቴቴ፦ በደማስቆ በር ገባን። ከዚያ ገበያ ነው፣ ጠባብ፣ ላዩ የተከደነ። ቅመሙ፣ ልብሱ፣ ጣፋጩ፣ ሰው ከሰው ይጋፋል። ጥቂት እንደሄድን በቀኝ በኩል ደረጃ ወጣን፤ ደረጃውን ስንጨርስ መነኮሳቱ ያሉበት፣ ከትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፣ እነዚያ ትንንሽ ጎጆዎች። እግሬ አብጦ ስለነበር ደረጃው ነው ትዝ የሚለኝ።

መምህር፦ ሰማህ? ያ የተከደነ ገበያ የሮማው ካርዶ ነው። ንጉሡ ሐድሪያን በሁለተኛው መቶ ዓመት ኢየሩሳሌምን ኤልያ ካፒቶሊና ብሎ እንደገና ሲቆረቁር ከሰሜኑ በር ወደ ደቡብ ያስዘረጋው። ዮርዳኖስ ውስጥ ማደባ የሚባል ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በስድስተኛው መቶ ዓመት በሞዛይክ የተሠራ ካርታ አለ። ከተማይቱ ላይ ግራና ቀኙ ዓምድ የቆመበት ጎዳና በበሩ በኩል ይጀምራል፣ በሩ ፊት ለፊት ትልቅ አደባባይና አንድ ረጅም ዓምድ። በ1970ዎቹ ናህማን አቪጋድ የደቡቡን ጫፍ ሲቆፍር ዓምዶቹና ንጣፉ ወጡ፤ ያኛው ክፍል በንጉሡ በዩስቲንያኖስ ዘመን የተቀጠለ ሆኖ ተገኘ። ሰሜኑ ግን መቼም አልተቋረጠም፣ ሰዎች እየሄዱበት ነው።

እቴቴ፦ እኔ ያየሁት ግን ዓምድ የለበትም። ሱቅ ብቻ ነው።

መምህር፦ እንዲያ ነው የሚሆነው። ጎዳናው መጀመሪያ ሰፊ ነበር፤ ከዘመን በኋላ ባለ ሱቁ ዕቃውን በዓምዶቹ መካከል ያወጣል፣ ቀጥሎ ግድግዳ ያቆማል፣ ቀጥሎ ጣራ ይጥላል። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ገበያ ይሆናል። ፓልሚራ ላይ እስልምና ከገባ በኋላ ጎዳናው መካከል ሱቅ ተሠርቶ ተገኝቷል። ደማስቆ ላይም ሐዋርያው ጳውሎስ ያረፈበት፣ በሐዋርያት ሥራ ላይ ቅን የተባለው መንገድ፣ ዛሬም በአንድ ጫፉ ገበያ፣ በሌላው ጫፉ የሮማ በር አለው። ድሮ እንደ ብልሽት ይታይ ነበር። እኔ ግን ሞቶ ከተቆፈረው ከቲምጋድ ይልቅ እቴቴ የተጋፉበት ይበልጥብኛል።

እቴቴ፦ አንተ ደግሞ መጋፋቱን ወደድከው። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ነው ያለፍኩት።

ጠራቢ፦ አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ለማንም እንዳይናገሩ። ባለፈው ለዲች ስንቆፍር የተጠረበ ድንጋይ ወጣ። አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ከሥሩ ደግሞ የሸክላ ስብርባሪ። የድሮ ቤት መሠረት ይሆናል አልን። ጓደኛዬ ለከርብስቶን ይሆናል ብሎ ከማሽኑ ሥር አወጣው። ሥራው እንዳይቆምብን ፈርተን ለማንም አልተናገርንም።

መምህር፦ ድንጋዩ የት ነው አሁን?

ጠራቢ፦ ከሌላው ጋር ተከምሯል፣ ገና አልተጠረበም። የወጣበትን ቦታ ግን አውቀዋለሁ።

መምህር፦ የዋግ ሹሞች ቤት ይሁን የነጋዴ ቤት፣ የመቶ ዓመት ይሁን የአምስት መቶ፣ ድንጋዩን ብቻ አይቶ የሚናገር የለም። የሚናገረው ከሸክላው ጋር፣ ከአፈሩ ንብርብር ጋር፣ በወጣበት ጥልቀት ነው። ፖምፔ ላይ የብረቱን ጠብታ ትርጉም የሰጠው በየትኛው ስንጥቅ ውስጥ እንደነበረ መታወቁ ነው። ቦታውን ካጣ ድንጋይ ነው፣ ለከርብስቶን ይሆናል።

ጠራቢ፦ ብናገር ግን ሥራው ይቆማል። እኛ የምንከፈለው በቁጥር ነው፣ በጠረብነው ልክ።

መምህር፦ ይቆም ይሆናል፣ አልዋሽህም። ግን የሚቆመው መንገዱ በሙሉ ሳይሆን ያቺ ቁራሽ ናት፤ እናንተ ወደ ሌላው ጫፍ ትዞራላችሁ። ሕጉም ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓ.ም.)፣ በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንጻም ሆነ በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ፣ እስኪረከቡትም ድረስ ባለበት ሁኔታ እንዲጠብቀው ያዛል። የመንገድ ሥራ የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ ተጽፏል፤ ለእናንተ ነው የተጻፈው። ነገ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የወጣበትን ቦታ በስልክህ ፎቶ አንሣው፤ ከአጠገቡ መዶሻህን አስቀምጥ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ጥልቀቱን በሜትር ለካ። አስቀድሞ የወጣውን ሸክላ ብቻ ሰብስበህ በአንድ ከረጢት ለብቻው አድርግ፣ አትጠበው። ከዚያ አለቃህን ይዘህ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂድ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።

እቴቴ፦ ቢሮው በ2 ሰዓት ተኩል ነው የሚከፈተው፤ ቀድማችሁ ሂዱ፣ በኋላ ስብሰባ ነው ይሏችኋል።